ነጋዴ ደንበኛውን የመምረጥ መብት አለውን?
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ላቀርበው ያሰብሁት ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል፣ ሲመረምሩት ግን ከባድ ነው። ይኸውም፦ በገዛ ገንዘቡ ሱቅ ወይም ሻይ ቤት የከፈተ ሰው «ለእገሌ እሸጣለሁ፤ ለእገሌ ግን አልሸጥም» የማለት ነጻነት አለውን? ወይስ አድልዎን የሚከለክል ሕግ ከዚህ ነጻነት በላይ ሊሆን ይገባዋል? የሚል ነው።

ነገራችን መያዣ እንዲኖረው አንድ ስፍራ እንምረጥ። በጌዴኦ ዞን፣ በኮቸሬ ወረዳ፣ ከይርጋ ጨፌ ወደ ደቡብ የምትገኘውን ጨለለቅቱን እንውሰድ። ይህን የምለው ስለ ጨለለቅቱ ሰዎች ክፉ ወሬ ኖሮ አይደለም፤ ቡና አብቃይ ከተማ ስለ ሆነችና በእንዲህ ያለች ከተማ ሰው ሁሉ ለሰው ሁሉ የግድ አስፈላጊ ስለሚሆን ነው። የቡና ለቀማ ወራት በደረሰ ጊዜ ገበሬው ቀይ እሸት ቡናውን በጆንያ ተሸክሞ ወደ ገዢው ይመጣል። እሸት ቡና ደግሞ እንደ እኽል ጎተራ ገብቶ ዋጋ እስኪወጣለት የሚቆይ አይደለም፤ በጊዜው ካልተፈለፈለ ይበላሻል። እንግዲህ ገዢው የሻጩን ጎሣ ጠይቆ «ካንተ አልገዛም» ቢለው፣ ባለሻይ ቤቱም የመንገደኛውን ዘር አይቶ «ለአንተ ስኒ የለኝም» ቢለው፣ ባለአልጋው በመሸ ጊዜ ቋንቋውን ሰምቶ በሩን ቢዘጋበት፣ ይህ ሰው ወዴት ይሄዳል? በታላቅ ከተማ ቢሆን ሌላ በር ያንኳኳል። በትንሽ ከተማ ግን ሦስት በር ከተዘጋ ከተማው ሁሉ ተዘጋ ማለት ነው።

ነገር ግን ፍርድ ከመስጠት በፊት ሁለቱን ወገን ማድመጥ ተገቢ ነውና፣ በመጀመሪያ የባለንብረቱን ክርክር እንስማ።

ባለንብረቱ እንዲህ ይላል፦ «ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ኪሳራው የእኔ፣ ድካሙም የእኔ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የግል ንብረት መብቴን፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ በነጻ የመነገድ መብቴን አረጋግጦልኛል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውም የፍትሐ ብሔር ሕግ ውልን በሁለት ወገን ፈቃድ ላይ መሥርቶታል። ይልቁንም በአንቀጽ 1687 ዕቃን ለሽያጭ መደርደር ወይም የዋጋ ዝርዝር መለጠፍ ብቻውን ‹ልሸጥልህ ተስማምቻለሁ› እንደ ማለት እንደማይቈጠር ይናገራል። ስለዚህ ፈቃዴ ካልሆነ ማን ሊያስገድደኝ ይችላል? የማልወደውን ሰው እንዳገለግል መገደድ ባርነት አይደለምን?»

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የሰው ልጅ በሀብቱና በጉልበቱ ላይ ፈቃድ ከሌለው፣ መንግሥት በየጓዳው ገብቶ «ይህን ወዳጅ አድርግ፣ ያንን ጋብዝ» የሚል ከሆነ፣ ነጻነት የሚባለው ነገር ባዶ ስም ሆኖ ይቀራል። እንዲሁም ሕግ የሰውን ልብ ሊለውጥ አይችልም የሚሉ ሰዎች ከእውነት የራቁ አይደሉም።

ሆኖም በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ተቈጥረዋል፤ ቤትና ንግድ ቤት።

ሰው በመኖሪያ ቤቱ ማንን እንደሚጋብዝ፣ ከማን ጋር ማኅበር እንደሚጠጣ፣ ልጁን ለማን እንደሚድር የሚጠይቀው ሕግ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ንግድ ቤት የከፈተ ሰው ግን ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብሎ፣ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ሁሉም በሚከፍለው ግብር በተሠራው መንገድ ዳር ቆሞ «ኑ ግቡ» ብሎ የሕዝብን ገንዘብ የሚጠራ ሰው ነው። ገንዘቡን ሲጠራ ሕዝቡን ሁሉ ከጠራ፣ ገንዘቡ በመጣ ጊዜ ባለገንዘቡን መለየት አይገባውም። እንግሊዞች ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ በልማድ ሕጋቸው ደንግገውት ነበር፤ የእንግዳ ማደሪያ የከፈተ ሰው ሥፍራ እያለውና ያለ በቂ ምክንያት መንገደኛን ሊመልስ አይችልም ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 ሊሪ ኮንስታንታይን የተባለውን ስመ ጥር ጥቁር የክሪኬት ተጫዋች አንድ የሎንዶን ሆቴል በቀለሙ ምክንያት አላሳድርም ባለው ጊዜ፣ ኮንስታንታይን ከስሶ በ1944 የረታው በዚሁ ጥንታዊ ደንብ ነው። የተፈረደለት ካሣ 5 ጊኒ ብቻ ነበር፤ የፍርዱ ዋጋ ግን ከገንዘቡ እጅግ የበለጠ ሆነ።

ሁለተኛም ልንለየው የሚገባን ነገር አለ። ነጋዴ ምን እንደሚሸጥ መምረጡና ለማን እንደሚሸጥ መምረጡ አንድ አይደለም። በአገራችን የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት ተለያይተው ይኖራሉ፤ ይህን ማንም እንደ ነውር አይቈጥረውም። ሙስሊሙ ባለልኳንዳ የሚሸጠውን ሥጋ መረጠ እንጂ ክርስቲያን ገንዘብ ይዞ ቢመጣ አላስተናግድም አላለም። አልኮል አልሸጥም የሚለው ሆቴልና በጾም ቀን ሥጋ የማያቀርበው ምግብ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ለማንም አይሸጡምና ማንንም አልበደሉም። እንዲሁም ሰክሮ የሚረብሽን፣ መሣሪያ ይዞ የሚያስፈራራን፣ የበላበትን የማይከፍልን ሰው ውጣ ማለት የሰውየውን ሥራ መፍረድ እንጂ ትውልዱን መፍረድ አይደለም። ሕጉ የሚከለክለው ሰው ሊለውጠው በማይችለው በዘሩ፣ በትውልዱ፣ በአካሉ ጉዳት፣ ወይም ሊገደድ በማይገባው በሃይማኖቱ ምክንያት ከደጅ መመለስን ነው።

አሁን ደግሞ «ይህ የፈረንጅ አገር ጣጣ ነው፤ በእኛ አገር የለም» ለሚሉ ሰዎች ጥቂት እንናገር።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሌላውንም ባለሙያ በሙያው የሚያዋርድ ሰው በእስራት እንዲቀጣ አዘዙ። ነውሩ ባይኖር ኖሮ ዐዋጁ ባላስፈለገም ነበር። ከዚያም በጠላት ወረራ ዘመን ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር አብሮ እንዳይኖር የሚያግድ ሕግ አወጡ፤ በ1931 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያናዊ ለአገሬው ሰው በተለየ መጠጥ ቤት ቢገኝ የሚያስቀጣ ሕግ ጨመሩበት። በአዲስ አበባም የአገሬውን ሰው ገበያ ለብቻው ለይተው አቋቋሙ፤ መርካቶ የሚለው ስም ከዚያ ጊዜ የቀረ ነው። አባቶቻችን በገዛ አገራቸው ከደጅ መመለስ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ያውቁት ነበር።

ነገር ግን ባዕድ ያደረገብንን እየጠላን እኛው በእኛው ላይ የምናደርገውን ልንሸፍነው አይገባም። አሉላ ፓንክረስትና ዲና ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ በደቡብ ኢትዮጵያ ስለ ተገለሉ ማኅበረሰቦች በሰፊው ይተርካል። በከፋ የመንጃ ሰዎች፣ በሲዳማ ሸክላ ሠሪዎቹ ሐዲቾና ቆዳ ፋቂዎቹ አዋቾ፣ በጉራጌ ፉጋ የሚባሉት፣ ሌሎችም በየስፍራው ከጎረቤት ጋር ከአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ተደርገው ኖረዋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ መሬትን ለሚያርሰው ሁሉ ባከፋፈለ ጊዜ ከእነዚህ ወገኖች ብዙዎቹ የመሬት ባለቤት ሆኑ። መሬቱ ተካፈለ፤ ጽዋው ግን አልተካፈለም።

ነገሩን እናስተውለው። የሸክላ ሠሪዋን ማሰሮ እንገዛለን፤ በእርሱም ወጥ እንሠራለን። እርስዋ ግን ሻይ ቤት ብትገባ ስኒው ይደበቅባት ይሆናል። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1960 በአሜሪካ በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ጥቁር ተማሪዎች ወደ አንድ ታላቅ መደብር ገብተው ዕቃ ሲገዙ ገንዘባቸውን የከለከላቸው አልነበረም፤ በዚያው መደብር ምግብ በሚቀርብበት መደዳ በተቀመጡ ጊዜ ግን «እናንተን አናስተናግድም» ተባሉ። በዚያም በዚህም ነገሩ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ንጹሕ ነው፣ ዕቃው ንጹሕ ነው፣ ሰውየው ብቻ ርኩስ ነው ይባላል። ከዚህ የበለጠ ስድብ የለም።

አሁን ወደ ብርቱው ክርክር እንምጣ። አንዳንድ የኢኮኖሚ ዐዋቂዎች «ሕግ አያስፈልግም፤ ደንበኛ የሚመልስ ነጋዴ ራሱ ይከስራል፣ የማያዳላው ጎረቤቱ ይከብራል፤ ገበያው ራሱ ይፈርደዋል» ይላሉ። ይህ ቃል እያንዳንዱ ነጋዴ ብቻውን በሚወስንበት አገር እውነት ይሆን ነበር። ነገር ግን አድልዎ የአንድ ሰው ጠባይ ሳይሆን የሰፈር ልማድ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ለተገለለው ሰው ስኒ ያቀረበ ባለሻይ ቤት የሚያገኘው አንድ ደንበኛ ነው፤ «ከእነርሱ ጋር በአንድ ስኒ አንጠጣም» ብለው የሚሸሹት ግን ሃያ ናቸው። ስለዚህ ልቡ የወደደ እንኳ የመጀመሪያ ሰው ለመሆን ይፈራል። እንግዲህ ገበያው አድልዎን ሳይሆን ደግነትን ይቀጣል ማለት ነው።

ሕግ የሚጠቅመው በዚህ ስፍራ ነው። ሕጉ ሁሉን በአንድ ጊዜ ሲያዝ ማንም የመጀመሪያ በመሆኑ አይጎዳም። ባለሻይ ቤቱ ለተቈጡት ደንበኞቹ «እኔ ምን ላድርግ፣ ሕጉ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ እነርሱም ወደ ጎረቤቱ ቢሄዱ እዚያም ያው ሕግ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ሕጉ የክፉውን ነጋዴ ፈቃድ ቢያጠብም የደጉን ነጋዴ ፈቃድ ያሰፋል። ፋሺስቶች፣ እንዲሁም የሕዝብ መገልገያዎችን በዘር የለዩት የደቡብ አፍሪካ ሕጎች፣ ለሁሉ ሊሸጥ የወደደውን ነጋዴ እጁን አስረው ነበር። የባለንብረት ነጻነት ጠበቆች ነን የሚሉ ሰዎች ይህንንም ማሰብ ይገባቸዋል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣችው የሲቪል መብቶች ሕግ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ቲያትር ቤቶች በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ምክንያት ሰውን እንዳይመልሱ ከለከለች። በአትላንታ ከተማ 216 ክፍሎች የነበሩት አንድ ሞቴል ሕጉን ተቃውሞ ንብረቴ ተነጠቀ፣ ያለ ፈቃዴ እንዳገለግል መገደዴም የባርነት ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በሙሉ ድምፅ ረታው። ባርነትን ለማጥፋት የተጻፈ ቃል የባሪያዎችን የልጅ ልጆች ከደጅ ለመመለስ ሊጠቀስ አይችልምና። ነገር ግን ሕጉ ልክ ነበረው፤ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትንና ከአምስት የማይበልጡ የኪራይ ክፍሎች ያሉትን ቤት፣ ለአባሎቹ ብቻ የሆነውንም ክበብ ነጻ አድርጓቸዋል። ቤትንና ንግድ ቤትን መለየት ማለት ይህ ነው።

የኅሊና ነገርስ? በዚህ ረገድ ሕጉ መጠንቀቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቤልፋስት ዳቦ ጋጋሪዎች የማያምኑበትን መልእክት በኬክ ላይ አንጽፍም በማለታቸው ጥፋተኞች አይደሉም ብሎ ፈርዷል። ምክንያቱም መልእክቱን ማንም ቢያዛቸው ባልጻፉት ነበር፤ እምቢ ያሉት ቃሉን እንጂ ሰውየውን አልነበረም። ይህ መለያ ለእኛም ይረዳናል። ጸሓፊ የማያምንበትን እንዲጽፍ፣ ሠዓሊ የማያምንበትን እንዲሥል አይገደድ። ነገር ግን ሻይ መቅዳት፣ አልጋ ማከራየት፣ እሸት ቡና መመዘን የእምነት መግለጫ አይደለም። ሻይ የቀዳ ሰው የጠጪውን ሃይማኖት አልመሰከረም።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሲቪል መብቶች አጠቃቀም ረገድ በኢትዮጵያውያን መካከል ልዩነት እንዳይደረግ ደንግጎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በዘር፣ በብሔር፣ በቀለም፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ ወይም በሌላ አቋም ልዩነት ሳይደረግበት እኩል መሆኑን፣ በአንቀጽ 24 ሰብአዊ ክብሩ የሚጠበቅ መሆኑን ይናገራል። በአንቀጽ 9 ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የማክበር ግዴታ በመንግሥት አካላት ላይ ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ዜጋ ላይ ጭምር እንዳለ፣ አገሪቱ ያጸደቀቻቸውም ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሩ ሕግ አካል እንደ ሆኑ ያስረዳል። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የገባችበት የዘር አድልዎን የሚያስወግደው ስምምነት በአንቀጽ 5 ሆቴልን፣ ምግብ ቤትን፣ ቡና ቤትን፣ ቲያትርንና መጓጓዣን በስም ጠርቶ ለሁሉ ክፍት እንዲሆኑ ያዝዛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 813ም ሸማች በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ደንግጓል።

እንግዲህ መሠረቱ አለ። የጎደለው ግን ዝርዝሩ ነው። ድንጋጌዎቹ በየሕጉ ተበታትነዋል። የተመለሰው ሰው በፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሞራል ጉዳቱ ካሣ ቢጠይቅ፣ አንቀጽ 2116 ካሣው ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይወስነዋል። ይህ ልክ በ1952 ዓ.ም. በተጻፈ ጊዜ የሚያስፈራ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ዋጋው ቀልሎ ጥፋተኛውን የማያስደነግጥ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 በናይሮቢ አንድ የቻይናውያን ምግብ ቤት ከምሽት በኋላ አፍሪካውያንን አላስገባም ማለቱ በተሰማ ጊዜ፣ የኬንያ ሕገ መንግሥት ማንም ሰው በሌላው ላይ እንዳያዳላ የሚከለክል ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቲቱ የተከሰሱት በንግድ ፈቃድ ጉድለት ነበር። ታላቅ መሠረት ያለው ሕግ ዝርዝር ከሌለው የሚይዘው እጅ ያጣል።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ንግድ ላይ የአድልዎ ክልከላው ከባለንብረቱ የመምረጥ ፈቃድ በላይ ይሁን። ነገር ግን ሕጉ በግልጽ ይጻፍ፤ የትኛው ምክንያት እንደሚከለከል፣ የትኛው እንደሚፈቀድ ባለጉሊቱም ባለሆቴሉም አንብቦ ይወቀው። ቅጣቱ በደረጃ ይሁን፤ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ መቀጮ፣ በመጨረሻም የፈቃድ መታገድ። ማስረጃ ሳይኖር «ዘሬን አይቶ መለሰኝ» በሚል ቃል ብቻ የሰው ሱቅ እንዳይታሸግ ደግሞ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ሕግ የበቀል መሣሪያ ከሆነ የተገለለውንም አይጠቅመውም።

ይህ ሁሉ ግን በሕግ ብቻ አይፈጸምም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1950 በሕገ መንግሥቷ ሱቅና ምግብ ቤት ለሁሉ ክፍት እንዲሆን አዘዘች፤ በ1955ም የማይነኩ የሚባሉትን ወገኖች መለየት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገችው። ይሁንና ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በየገጠሩ ሻይ ቤት ለእነርሱ ብርጭቆ ለብቻ ሲቀመጥ ኖሯል። ሕጉ አለ፤ የሚያስፈጽመው ጸሓፊና ፖሊስ ግን የዚያው ሰፈር ልጅ ነበር።

እንግዲህ ቃሌን ወደ እናንተ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር ወደ ያዛችሁት፣ እመልሳለሁ። ሕገ መንግሥቱ በጨለለቅቱ ወይም በዲላ ወይም በአዲስ አበባ ሕይወት የሚያገኘው በእናንተ እጅ ነው። የንግድ ፈቃድ የሚያድሰው ሠራተኛ አቤቱታውን ተቀብሎ በመዝገብ ካልጻፈው፣ የፖሊስ ባልደረባ «ይህ የልማድ ነገር ነው፣ ታረቁ» ብሎ ከመለሰው፣ ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል። ከሁሉም በፊት የመንግሥት ቢሮ ራሱ ባለጉዳይን በስሙና በቋንቋው እየለየ የሚያስጠብቅ ከሆነ፣ ነጋዴውን ለመቈጣት ምን አፍ ይኖረናል?

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ጌዴኦና ጉጂ ደም ሲፋሰሱ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አላቸው፤ ሽማግሌዎቹም ዕርቅ ሲያወርዱ በታላቅ ጥንቃቄ ነው። ዕርቁ ግን በሽማግሌዎች ፊት ተጀምሮ የሚጸናው በገበያ ነው። ትናንት የተጣላው ሰው ዛሬ ወደ ገበያ ወርዶ ጨው ሲገዛ ማንም ካልመለሰው፣ ቡናውም በእኩል ሚዛን ከተመዘነለት ዕርቁ ሥር ሰደደ ማለት ነው። ስኒው ከተከለከለ ግን ነገ ምን እንደሚከተል አያስታውቅም።

በአገራችን አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ባለ ጊዜ የሮጠው የሚቆም፣ የተቈጣው እጁን የሚሰበስብ ልማድ ነበረን፤ ያን ቃል ያከበሩት በጦር ተገድደው ሳይሆን ሕግ የሁሉ መጠጊያ መሆኑን ስላመኑ ነው። ከሻይ ቤት ደጅ የተመለሰ ሰውም «በሕግ አምላክ» ሲል የሚሰማው ጆሮና የሚጽፍለት ብዕር ሊያገኝ ይገባዋል።